ችግረኛ ቤተሰብን ከእድር ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ድጋፍ ማድረስ፦ ለእድር ኮሚቴዎች ዝርዝር መመሪያ

ብዙ እድር ከወረዳው፣ ከጤና ጣቢያውና ከትምህርት ቤቱ ጋር «በትብብር እንሠራለን» ብሎ ይፈራረማል። ማህተሙ ይመታል፣ ፎቶግራፉ ይነሳል፤ ስሟ በዝርዝሩ አናት ላይ የሰፈረው እናት ግን ዛሬም የጤና መድን ደብተር የላትም። ስትጠየቅ «ወረዳ ሂጂ አሉኝ፣ ሄድኩ፤ ነገ ነይ አሉኝ» ትላለች። ትብብሩ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ሰው ይላካል፣ መልስ ግን አይመለስም።

ከዚህ በታች ያለው ለእድር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴዎች የተዘጋጀ ነው። የጽሕፈት ቤቶቹ ስያሜ የአዲስ አበባን የተከተለ ስለሆነ በሌላ ከተማ ሊለይ ይችላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም። ደረጃ 2ን ዘልላችሁ ቤት ለቤት ምዝገባ አትጀምሩ። የምትሰጡት ሳይኖር ስም መመዝገብ ተስፋ ማከፋፈል ነውና በሁለተኛው ዙር በር የሚከፍትላችሁ አታገኙም።

## ደረጃ 1፦ የራሳችሁን ቤት አስተካክሉ

1. ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ አቅርቡ። መዋጮው የተሰበሰበው ለለቅሶና ለቀብር ነው። ኮሚቴው በራሱ ሥልጣን ከዚያ ላይ ቀንሶ ቢሰጥ፣ ልቡ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ አንድ ያኮረፈ አባል «ገንዘባችን የት ገባ?» ብሎ እድሩን ያምሰዋል። በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ አስጨምሩ፤ ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ አስይዙ።
2. የድጋፉን ሒሳብ ከለቅሶው ሒሳብ ለዩ። የባንክ ሒሳቡም ደረሰኙም ለየብቻ ይሁን፤ ገንዘብ ያለ ሁለት ፈራሚ አይውጣ።
3. ለሦስት ሥራ ሰው መድቡ፦ መዝገብ ያዥ፣ ቤት ለቤት የሚሄዱ ሁለት ሰዎችና ቢሮ የሚመላለስ። ቤት ለቤት ከሚሄዱት መካከል ሴት መኖር አለባት። ቢሮ የሚመላለሰው ደግሞ በሥራ ሰዓት ነፃ የሆነ፣ ደብዳቤ ማርቀቅ የሚችል ጡረተኛ ቢሆን ይመረጣል፤ በየሰፈሩ አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ወይም ጸሐፊ አይጠፋም።
4. የእድሩን ሰብሳቢ ተመላላሽ አታድርጉ። ጉዳይ ሲቋጠር ወደ ኃላፊው የሚገባ አንድ ከበድ ያለ ሰው በእጃችሁ ይቆይ።

የኮሚቴ አባል ዘመድ በዕጩነት ሲቀርብ አባሉ ከስብሰባው ይውጣ፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

## ደረጃ 2፦ ማን ምን እንደሚሰጥ በአካል ሄዳችሁ እወቁ

በወሬ አትመኑ። ቢያንስ እነዚህን በሮች አንኳኩ።

- የወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፦ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ አሳዳጊ ያጡ ሕፃናት። የማኅበረሰብ ድጋፍና ክብካቤ ጥምረት (ነዋሪው ለችግረኞች ድጋፍ የሚያሰባስብበት አደረጃጀት) በወረዳው ካለ መግቢያ በሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው።
- የከተማ ሴፍቲኔት፦ ሁለት መስመር አለው። መሥራት የሚችል በአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለዋል፤ ዕድሜ፣ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት የማያሠራው በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋል። ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ስላልሆነ ቀጣዩ የልየታ (የተጠቃሚዎች መረጣ) ጊዜ መቼ እንደሆነ ጠይቁ።
- ጤና ጣቢያ፦ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፣ በተለይም መክፈል ለማይችሉ መንግሥት የሚሸፍነው አባልነት። በአካባቢያችሁ የተመደቡትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተዋወቁ፤ የትኛው ቤት ምን እንደጎደለው ከእናንተ ይልቅ ያውቃሉ።
- የመንግሥት ትምህርት ቤት፦ በአዲስ አበባ ምገባው፣ የደንብ ልብሱና ደብተሩ ለተመዘገበ ተማሪ ነው። ያልተመዘገበ ልጅ ከትምህርቱም ከምግቡም ይቀራል።
- ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት፦ ሥልጠናና ሥራ ፈላጊነት ምዝገባ።
- የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት፦ ልደት፣ ጋብቻ፣ ሞት፣ መታወቂያ።

በየቢሮው ስድስት ጥያቄ ጠይቁ፤ መልሱን እዚያው ጻፉ፦ ይህ ድጋፍ ለማን ነው? ምን ምን ወረቀት ትጠይቃላችሁ? ምዝገባው ከመቼ እስከ መቼ ነው? በስንት ቀን መልስ ይሰጣል? የተከለከለ ሰው ቅሬታውን ለማን ያቀርባል? ጉዳዩን የሚይዘው የትኛው የሥራ መደብ ነው?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች። የሠራተኛውን ስም ሳይሆን የሥራ መደቡን ያዙ፤ ሠራተኛው ነገ ሊዛወር ይችላል፣ ወንበሩ ግን እዚያው ነው።

የቀን ጉዳይ። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። የችግረኞች ዝርዝራችሁ ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ በሚያዝያ ወይም በግንቦት አስገቡ። በሰኔ ማብቂያ የሚቀርብ ጥያቄ «በጀት ተዘግቷል» የሚል መልስ ያገኛል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የትምህርት ቤት ጉዳይም እንዲሁ መስከረም ላይ አይጀመርም፤ በክረምቱ ምዝገባ ይለቅ።

## ደረጃ 3፦ ስምምነቱን በአንድ ገጽ ጻፉ

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ወረዳው የሌለው፣ እናንተ ግን ያላችሁ ነገር አለ፦ የተጣራ የችግረኛ ዝርዝር፣ ሰው የሚሰበስብ ጥሩምባ፣ ድንኳን፣ ወንበርና ሕዝቡ የሚያምናቸው ሽማግሌዎች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክትባት ቀን ስትይዝ ጥሪውን እድሩ ያስተላልፍ፤ ድንኳኑን ተክላችሁ ጠብቋት። «እርዱን» ብሎ የሚገባ ኮሚቴ ተራ ይጠብቃል። «ይህን እናደርጋለን፣ እናንተ ደግሞ ይህን» የሚል ኮሚቴ ግን ወንበር ይሳብለታል።

በገጹ ላይ አምስት ነገር ብቻ ይስፈር፦

1. እድሩ የሚልከው የጉዳይ ዓይነት።
2. በተቀባዩ ቢሮ ጉዳዩን የሚይዘው የሥራ መደብ፣ እሱ ባይኖር ደግሞ የሚተካው መደብ።
3. መልስ የሚሰጥበት የቀን ገደብ። «በአጭር ጊዜ» የሚል ቃል አትቀበሉ፤ ቁጥር ይጻፍ።
4. እድሩ በምላሹ የሚያበረክተው።
5. በሦስት ወር አንድ ጊዜ የጋራ ስብሰባ፣ ቦታውና ወሩ ተጠቅሶ።

ሁለት ቅጂ አስፈርሙ። አንዱ በእድሩ ሳጥን ይቀመጥ፤ ሌላው በቢሮው መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥር ያግኝ። በኃላፊው መሳቢያ ውስጥ የገባ ስምምነት ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

«ሕጋዊ ምዝገባ የላችሁም» ከተባላችሁ፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርን፣ እቁብንና መሰል ባህላዊ ስብስቦችን አይመለከትም። ስለዚህ እንደ በጎ አድራጎት ድርጅት የምዝገባ ምስክር ወረቀት አምጡ ሊባል አይገባም። ይህንን በትሕትና አስረዱ፤ የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ፣ የኮሚቴ ምርጫ ቃለ ጉባኤና በአካባቢ አስተዳደሩ ዘንድ መታወቁን የሚያሳይ ደብዳቤ አያይዙ።

## ደረጃ 4፦ ቤት ለቤት ሂዱ

ለመጀመሪያው ዙር ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቤተሰብ ይበቃል። መቶ ስም ይዞ ወረዳ መግባት ደረትን ያስነፋል እንጂ አንዱንም ዳር አያደርስም።

1. ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ ከሁለት አትብለጡ። ጎረቤት «ምን ሆኑ?» ብሎ አንገቱን እንዲያሰግግ የሚያደርግ አመጣጥ ይቅርባችሁ።
2. «ምን ቸገራችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሰው ክብሩን ይጠብቃልና «ተመስገን፣ ደኅና ነን» ይላችኋል፤ ምዝገባው እዚያው ያበቃል። ይልቅ የተለየ ነገር ጠይቁ፦ ልጆቹ የት ይማራሉ? ባለፈው የታመመ ሰው ነበር? የት ታከመ፣ ማን ከፈለ? የቤት ኪራይ የስንት ወር ነው ያልተከፈለው?
3. በቤቱ ያለውን ሰው ሁሉ መዝግቡ፤ ጓዳ የተኛውን አረጋዊና ከዘመድ መጥቶ የሚኖረውን ልጅ ሳትረሱ። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ካለች ዕድሜዋንና ትምህርት መጀመሯን ጠይቁ።
4. ስምምነት አስፈርሙ፦ «መረጃዬ ለእነዚህ ቢሮዎች እንዲተላለፍ ፈቅጃለሁ።» ማንበብ ለማይችል ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት፣ ከዚያ አሻራ ያኑር።
5. ፎቶግራፍ አታንሱ። ለለጋሽ የሚላክ የችግረኛ ፊት በማግስቱ በሰፈሩ ስልክ ሁሉ ይዞራል።

ምንም ቃል አትግቡ። የምትሉት ዓረፍተ ነገር ይህ ብቻ ይሁን፦ «ጉዳይዎን እንይዛለን፤ በዚህ ቀን ተመልሰን መልሱን እንነግርዎታለን፤ እምቢም ቢሆን።»

በእድር መዝገብ የማይሄዱ ጉዳዮች። አስገድዶ መድፈር ወይም በልጅ ላይ የተፈጸመ ጥቃት ከሰማችሁ ሽምግልና አትቀመጡ፣ ኮሚቴ አትጥሩ፣ ተጎጂዋን ደጋግማችሁ አትጠይቁ። ልብሷን ሳትቀይር፣ ገላዋን ሳትታጠብ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለው። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት «ለነገ እንያዘው» የሚባል ነገር የለም። ወላጅ ያጣ ልጅም በእድር ውሳኔ ለማንም አይሰጥም፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ይወቀው። ውጭ አገር ወስጄ አሳድገዋለሁ የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ለውጭ ዜጎች የሚሰጥ ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ መከልከሉን ንገሩት።

## ደረጃ 5፦ ወረቀቱ ይቅደም

አብዛኛው ቤተሰብ የሚመለሰው ችግረኛ ስላልሆነ ሳይሆን አንዲት ወረቀት ስለጎደለችው ነው። ማንንም ወደ ድጋፍ ቢሮ ከመላካችሁ በፊት በየቤተሰቡ ስም አንድ ፋይል ክፈቱና በዚህ ቅደም ተከተል አሟሉ።

1. የነዋሪነት መታወቂያ። ጊዜው ያለፈበት ከሆነ መጀመሪያ ይታደስ፤ የወረዳው አገልግሎት ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል።
2. ፋይዳ (ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ)። ምዝገባው በነፃ ነው። «ገንዘብ ክፈሉና ላስመዝግባችሁ» የሚል ደላላ ካለ አትስሙት። የሴፍቲኔት ክፍያ በባንክ ስለሚገባ በመታወቂያው፣ በፋይዳውና በባንክ ሒሳቡ ላይ ያለው ስም በፊደል ደረጃ አንድ ይሁን። «ወልደማርያም» በአንዱ ተያይዞ በሌላው «ወልደ ማርያም» ተብሎ ሲጻፍ ሰው ወር ሙሉ ይንከራተታል። ሦስቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድርጋችሁ በጣት እየጠቆማችሁ አንብቡ።
3. የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት። ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ያ ያለፈበትም ልጅ ይመዘገባል፤ የተጨማሪ ማስረጃና የዘገየ ምዝገባ ክፍያ ጥያቄ ስለሚነሳ ግን ለትምህርት ቤት ምዝገባ ሳምንት ሲቀር አትጀምሩት።
4. የሞት ምስክር ወረቀት። ይህ በተለይ የእናንተ ሥራ ነው፤ ሞትን ከእድር ቀድሞ የሚሰማ መሥሪያ ቤት የለም። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ገንዘቡን ለሐዘንተኛዋ ስታስረክቡ ድንኳኑን ነቅላችሁ ብቻ አትመለሱ። ከጤና ተቋሙ የተሰጠው የሞት ማሳወቂያ የት እንደተቀመጠ ጠይቁ። በሠልስቱ ግርግር ውስጥ ከሐዘን ልብስ ጋር ተጠቅልሎ የሚጠፋ ወረቀት ነው። ሐዘንተኛዋን በሦስተኛው ሳምንት ወደ ምዝገባው የሚያጅብ ሰው መድቡ።
5. የጡረታ ጥያቄ። ሟቹ መንግሥት ቤት ወይም የግል ድርጅት ይሠራ ከነበረ የተተኪዎች አበል ሊኖር ይችላል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ከተቋቋመ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ብዙ ባልቴቶች ግን ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ይመስላቸዋል። የቅጥር ደብዳቤ፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ሰብስቡ።

## ደረጃ 6፦ በወረቀት ላኩ

«እገሌ ቢሮ ሂጂ» ማለት ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ይሁን። ማንም ሰው ያለ ትስስር ቅጽ አይሂድ። ቅጹ ግማሽ ገጽ ነው፤ በሦስት ቅጂ ይሞላል፦ አንዱ በእድሩ ይቀራል፣ አንዱ ተቀባዩ ቢሮ ጋ ይቀመጣል፣ አንዱ መልስ ተሞልቶበት ይመለሳል። ይዘቱ ይህን ይመስላል፦

> ቁጥር፦ ____ ቀን፦ ____
> ላኪ፦ የ____ እድር
> ተቀባይ፦ ____ (የሥራ መደብ)
> የባለጉዳይ ስም፦ ____ ስልክ፦ ____
> የተጠየቀው አገልግሎት፦ የጤና መድን አባልነት፣ መክፈል ለማይችል ቤተሰብ
> ተያይዞ የቀረበ፦ መታወቂያ ቅጂ፣ ቤተሰቡ ራሱ ያቀረበው ፎቶግራፍ፣ የእድሩ ድጋፍ ደብዳቤ
> መልስ (በተቀባይ የሚሞላ)፦
> ☐ ተቀብለናል፤ አገልግሎቱ የሚጀምረው ____
> ☐ ይህ ይጎድላል፦ ____
> ☐ እኛን አይመለከትም፤ ወደ ____ ይሂዱ
> ፊርማ፦ ____

መልሱ ምልክት ማድረግ ብቻ የሚጠይቀው ሆን ተብሎ ነው። ሠልፍ ፊቱ የተደረደረበት ሠራተኛ ሐተታ አይጽፍም፤ ሳጥን ላይ ምልክት ግን ያደርጋል።

የበሽታ ስም በቅጹ ላይ አትጻፉ። «ሕክምና ክትትል» በቂ ነው። ኤች አይ ቪ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የአእምሮ ሕመም የሚሉ ቃላት የተጻፉበት ወረቀት በስንት እጅ እንደሚያልፍ አስቡ።

አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ፣ ወይም ቢሮ ገብቶ የማያውቅ ሰው ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አጅቡት። አጃቢው ግን በባለጉዳዩ ፈንታ አይናገር፤ ከጎን ይቁም፣ የተባለውን ይጻፍ።

መድን ያገኘ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ተመደበለት ጤና ጣቢያ መሆኑን ደጋግማችሁ ንገሩት። ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል የገባ ሰው ወጪውን ከኪሱ ሊጠየቅ ይችላል። አባልነቱ በየዓመቱ ስለሚታደስም የማደሻውን ወር በፋይሉ ሽፋን ላይ በቀይ ጻፉት።

## ደረጃ 7፦ በሳምንት አንድ ቀን መዝገቡን ክፈቱ

ቋሚ ቀን ምረጡ። መዝገብ ያዡ ያልተመለሱ ቅጾችን ቁጥር ያንብብ፤ ተመላላሹ በእያንዳንዱ ላይ ምን እንደተባለ ይናገር። የስምምነቱ የቀን ገደብ ያለፈባቸው በአንድ ደብዳቤ ተዘርዝረው ወደ ቢሮው ይሂዱ። ከዚያም መልስ ካልመጣ የእድሩ ሰብሳቢ ይግባ።

ለቤተሰቡ በቀጠሮው ቀን ተመለሱ። መልስ ባይኖርም «ገና ነው» ለማለት ሂዱ። ቀጠሮ ያፈረሰ ኮሚቴ ከቢሮው በምን ይሻላል?

## ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

«ኮታው ሞልቷል» ሲባል፦ በቅጹ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። ከተጻፈ ቤተሰቡ በተጠባባቂነት ይያዛል፤ ቃል ብቻ ከሆነ ግን በሚቀጥለው ዙር እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ልየታው ላይ በደል አለ ካላችሁ ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ሂዱ፤ ያልተገባው ሰው አገኘ ብላችሁ ሌላውን ከመክሰስ ግን ተቆጠቡ። የእናንተ ቤተሰብ ለምን እንደሚገባው ብቻ አስረዱ።

ኃላፊው ሲቀየር፦ በመጀመሪያው ሳምንት የስምምነቱን ቅጂና ያለፉትን ሦስት ወራት ቅጾች ይዛችሁ ግቡ። «ከእርስዎ በፊት የነበሩት እንዲህ ነበሩ» የሚል ወቀሳ አታንሱ። የመዝገብ ቤቱን ገቢ ቁጥር አሳዩ።

ቤተሰቡ ራሱ ሲቀር፦ ሦስት ቀጠሮ ያልሄደች እናትን ሰነፍ አትበሉ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የታክሲ ገንዘብ፣ የቀን ሥራ መቅረት ወይም ልጅ የሚይዝላት ማጣት ነው። ከድጋፍ ሒሳቡ የትራንስፖርት ወጪ ስጡ፤ ቀጠሮውን የቀን ሥራ በሌላት ቀን አስይዙ።

ሠራተኛ ጉርሻ ሲጠይቅ፦ አትስጡ፣ ደጃፉም ላይ አትጨቃጨቁ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ጻፉ፤ ሰብሳቢው ለበላይ ኃላፊው ያቅርብ።

ከውጭ አገር ያለ የሰፈር ልጅ ገንዘብ ሲልክ፦ በእድሩ የድጋፍ ሒሳብ ይግባ፤ ለማን ቤተሰብ ይዋል የሚለውን ግን ኮሚቴው ይወስን። ደረሰኝ ላኩለት፣ የቤተሰቡን ስምና ፎቶግራፍ ግን አትላኩለት።

ዝርዝራችሁን ለሌላ ጉዳይ ሲፈልጉት፦ ለስብሰባ፣ ለድጋፍ ሰልፍ፣ ለምርጫ ጊዜ የችግረኞች ስም ዝርዝር ስጡን የሚል ሊመጣ ይችላል። የተፈረመውን ፈቃድ አሳዩ፤ ስሙ የተወሰደው ለተጠቀሱት አገልግሎቶች ብቻ መሆኑን በደብዳቤ መልሱ።

ቤተሰቡ ሰፈር ሲለቅ፦ ኪራይ ጨምሮበት ወይም ቤቱ ለልማት ፈርሶ ወደ ሌላ ወረዳ የሄደ ቤተሰብ ከሴፍቲኔቱም ከመድኑም ሊንጠባጠብ ይችላል። ዕቃው ከመጫኑ በፊት መሸኛ ያውጣ፤ ያለ መሸኛ አዲሱ ወረዳ መታወቂያ ለመስጠት ያስቸግራል። የልጆቹን የትምህርት ቤት መልቀቂያና የመድኑን ደብተር በፋይሉ ውስጥ አድርጋችሁ ለቤተሰቡ አስረክቡ፤ ከፈቀዱም በአዲሱ ሰፈር ለሚገኘው እድር ጸሐፊ ስልክ ደውሉ። በመዝገባችሁ ላይ ገጹን የምትዘጉት አዲሱ ወረዳ መታወቂያ መስጠቱን ስታረጋግጡ ብቻ ነው።